የእኔ ፓይተን የእሳቸውን ፒኤችፒ አቆመው

ጤና ይስጥልኝ፤

የምሠራው አነስተኛ የሥልጠና ተቋም ውስጥ ነው። የድረ ገጽ ክፍሉ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እኔና በዕድሜም በሥራ ልምድም በጣም የሚበልጡኝ አንድ ባልደረባዬ። የምዝገባውን ድረ ገጽ ከመሠረቱ ጀምሮ በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ያሉት የጎብኚዎችን ጥያቄ የሚቀበለው ኤንጂንኤክስና የፒኤችፒውን ኮድ የሚያስኬደው ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ናቸው። እኔ የተማርኩትም የምወደውም ፓይተን ነው። ፒኤችፒ ማንበብ እችላለሁ፤ ስጽፍ ግን እጄ ይያዛል።

ከሦስት ወር በፊት ኃላፊያችን የሠልጣኞችን ውጤት ከኤክሴል ፋይሎች አንብቦ በግራፍ የተደገፈ ፒዲኤፍ የሚያወጣ ሪፖርት እንድሠራ ሰጡኝ። በፓይተን፣ መረጃ በሚያሰላው ፓንዳስና ግራፍ በሚሠራው ማትፕሎትሊብ ጻፍኩት። አንዱን ሪፖርት ለማውጣት 20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ድረ ገጹ ላይ «ሪፖርት አውጣ» የሚል ቁልፍ አስገባሁና ቁልፉ ሲጫን ፒኤችፒው «ሼል ኤግዜክ» በሚባለው ፋንክሽን የእኔን ስክሪፕት እንዲጠራ አደረግኩ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ያለ እንከን ሠራ። ሰርቨሩ ላይ ስጭነው ግን ባዶ ገጽ ብቻ መጣ፤ የስህተት መልእክት እንኳ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌ የፓይተኑን ሙሉ አድራሻ ስሰጠውና ትእዛዙ መጨረሻ ላይ 2>&1 ስጨምርበት ተነሣ። እሱም ቢሆን አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ስክሪፕቱ ለፒኤችፒው መልሱን የሚልክበት ጄሰን የሚባለው የመረጃ ጽሑፍ አይነበብም ይላል።

ባለፈው ሳምንት፣ የምዝገባው መጨረሻ ቀን ላይ፣ ጥቂት አሠልጣኞች ቁልፉን ተጫኑትና ድረ ገጹ በሙሉ ቆመ። 504፣ ማለትም «ሰርቨሩ በጊዜው አልመለሰም» የሚል ገጽ ብቻ። ባልደረባዬ በሌሊት ተጠርተው ቁልፉን አጠፉት። በማግስቱ ሰው ባለበት «አንድን ቤት ሁለት አባወራ አያስተዳድረውም፤ ወይ ወደ ፒኤችፒ ቀይሪው፣ ወይ አውጪው» አሉኝ። ቃሉ ውስጤ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ግን መልስ አልነበረኝም።

ኃላፊያችን በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ሐሳብ ይዘሽ ነይ ብለውኛል። በልቤ ያለው ድረ ገጹን በሙሉ በፓይተን፣ ጃንጎ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ እንደገና መጻፍ ነው፤ ፒኤችፒ መቼም ያረጀ ቋንቋ ነው። ግን ባልደረባዬን ከገዛ ሥራቸው የማፈናቅላቸው ይመስለኛል። ሁለት ቋንቋ አብሮ ማኖር በእርግጥ ስህተት ነው? ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት?

ከሁለት ቋንቋ መሀል የቆምኩት

እህቴ፣

ሰው ባለበት መገሠጽ ያማል፤ በተለይ መልስ ሲያጡበት። ስለ እሱ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን ለጥያቄሽ ቀጥተኛውን መልስ ልስጥሽ፦ ሁለት ቋንቋ አብሮ ማኖር ስህተት አይደለም። ባልደረባሽ የሠሩት ድረ ገጽ ራሱ በአንድ ቋንቋ ብቻ ኖሮ አያውቅም። ሰርቨሩ ላይ ፒኤችፒ፣ ብራውዘሩ ላይ ጃቫስክሪፕት፣ ዳታቤዙ ጋ ኤስኪውኤል አለ። ሦስቱ ሳይጣሉ የኖሩት ድንበራቸው ጠባብና የታወቀ ስለሆነ ነው፤ አንዱ ጥያቄ ይልካል፣ ሌላው መልስ ይሰጣል። አንቺ ግን ፓይተኑን ፒኤችፒው ሆድ ውስጥ አስነሣሽው፤ ገጹን የከፈተውንም ሰው እስኪጨርስ ድረስ በር ላይ አቆምሽው። የተሳሳተው ድንበሩ የተሠመረበት ቦታ ነው፤ ያ ደግሞ ይስተካከላል።

ቋንቋ ስለማርጀቱ ካነሣሽ አይቀር፣ ፓይተን ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ፒኤችፒ በ1995። የአንቺው ነው ታላቁ። ይህን የምልሽ ለክርክር አይደለም፤ «ያረጀ» የሚለው ቃል ኃላፊሽ ፊት ከአፍሽ እንዳይወጣ ብዬ ነው። ባልደረባሽ ስለ ቋንቋው የተነገረውን ስለ ራሳቸው እንደተነገረ አድርገው ይሰሙታል፤ ከዚያ በኋላ ቴክኒካዊ ነገር መነጋገር አይቻልም።

አሁን የሆነውን አንድ በአንድ እንየው፤ ምክንያቱን ስታውቂ ሐፍረቱም ይቀልልሻል። ባዶው ገጽ የመጣው አንቺ ኮምፒውተር ላይ ስክሪፕቱን የሚያስነሣው የአንቺ አካውንት፣ ሰርቨሩ ላይ ግን የዌብ ሰርቨሩ አካውንት ስለሆነ ነው። ያ አካውንት የአንቺን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት፣ ላይብረሪዎችሽን የጫንሽበትን ለብቻው ያለ የፓይተን ክፍል፣ አያውቀውም። «ፓይተን» ሲባል ወይ ምንም አያገኝም፣ ወይ ፓንዳስ ያልተጫነበትን የሲስተሙን ፓይተን ያገኛል። ስክሪፕቱ ወዲያው ወደቀ፤ የስህተት መልእክቱ ግን ስታንዳርድ ኤረር በሚባለው መስመር ወጣ። ሼል ኤግዜክ የሚመልሰው ስታንዳርድ አውትፑትን ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ምንም ካልተጻፈ ኑል፣ ማለትም «ምንም»፣ ይመልሳል። ፒኤችፒውም ኑሉን ባዶ አድርጎ አሳየሽ። ስለዚህ ሙሉ አድራሻውን መስጠትሽ ትክክል ነበር።

2>&1 ግን አንዱን በሽታ አድኖ ሌላ ያመጣ መድኃኒት ነው። ሁለቱን መስመሮች ስለቀላቀላቸው አሁን ማንኛውም ማስጠንቀቂያ ከጄሰኑ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ማትፕሎትሊብን ለምሳሌ ውሰጂ፤ ሲነሣ የራሱን መሸጎጫ የሚጽፍበት ፎልደር ይፈልጋል። የዌብ ሰርቨሩ አካውንት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊጽፍበት የሚችል የራሱ ፎልደር የለውም። ስለዚህ ጊዜያዊ ፎልደር ይፈጥርና ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ከጄሰኑ በፊት አንድ መስመር ጽሑፍ ከገባ «ጄሰን ዲኮድ» በሙሉ አይቀበለውም። ማስጠንቀቂያው በወጣ ቀን ይወድቃል፣ ባልወጣ ቀን ይሠራል፤ «አንዳንዴ» ያልሽው የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ዓይነት ነገር ነው። ሁለቱን መስመሮች ለየብቻ መቀበል ከተፈለገ ፒኤችፒ «ፕሮክ ኦፕን» አለው። ከ7.4 እትም ጀምሮ ትእዛዙን እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን እንደ አሬይ (የተነጣጠሉ ቃላት ዝርዝር) ስለሚቀበል ትእዛዝ ተርጓሚውን ሼል ጨርሶ ያልፈዋል፤ ተጠቃሚ የጻፈው የፋይል ስም ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝም አይፈጸምም። አሁን ያለው ኮድሽ የፋይሉን ስም በቀጥታ ከትእዛዙ ጋር የሚያጣብቅ ከሆነ እባክሽ ይህን ሳታጠፊ አትደሪ፤ ከ504 የባሰው አደጋ እሱ ነው።

ወደ 504 እንምጣ። ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የጥያቄ ብዛት የተወሰነ ነው፤ «ማክስ ቺልድረን» የሚለው ቅንብር ይወስነዋል። ካልተነካ በብዙ ሲስተሞች ላይ 5 ነው። አንድ ሪፖርት 20 ሰከንድ ከፈጀ፣ አምስት አሠልጣኞች ቁልፉን ሲጫኑ አምስቱም ወንበር ለ20 ሰከንድ ተያዘ ማለት ነው። ስድስተኛው ሰው የመነሻ ገጹን ብቻ ቢፈልግም ወረፋ ይጠብቃል። አሠልጣኙ ደግሞ ገጹ ሲዘገይበት እንደገና ይጫናል፤ የመጀመሪያው ሪፖርት አልቆመም፣ ሁለተኛው ተጨመረበት። አምስቱም ፓይተን አንድ ላይ ሲሮጡ ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን ስለሚሻሙ 20 ሰከንዱ ወደ 40ና 50 ይሄዳል። ኤንጂንኤክስ መልስ የሚጠብቀው፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ 60 ሰከንድ ነው፤ ሲያልፍ 504 ብሎ ይተዋል። «ፒኤችፒ ከ30 ሰከንድ በላይ የቆየን ስክሪፕት ያቋርጠው የለም ወይ?» ትዪ ይሆናል። ሊነክስ ላይ ያ ሰዓት የሚቆጥረው ፒኤችፒው ራሱ የሠራበትን ጊዜ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ጠርቶ የጠበቀበት ጊዜ አይቆጠርበትም። ስለዚህ ያ ጠባቂ አንቺን አላዳነሽም።

አንድ ሌላ ነገርም ልጠይቅሽ። ቁልፉን የተጫነው አሠልጣኝ በሌላ ታብ ሌላ ገጽ ልክፈት ሲል እምቢ ይለው ነበር? ከሆነ ምክንያቱ ሴሽኑ፣ ሰርቨሩ የገባውን ሰው የሚያስታውስበት መዝገብ፣ ነው። ፒኤችፒ ሴሽንን በፋይል ሲያስቀምጥ፣ ሴሽኑን የከፈተው ስክሪፕት እስኪጨርስ ድረስ ፋይሉን ይቆልፈዋል፤ የዚያው ሰው ሌሎች ጥያቄዎች ሁሉ ይጠብቃሉ። ረጅም ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ሴሽን ራይት ክሎዝ» መጥራት ይፈታዋል።

እንግዲህ ወደ ውሳኔሽ። ባልደረባሽ «ወደ ፒኤችፒ ቀይሪው» ያሉትን ከመጣልሽ በፊት በሐቀኝነት መርምሪው። አንድ ወረቀት ላይ ስክሪፕትሽ የሚሠራውን ሁሉ ዘርዝሪ። ከዝርዝሩ አብዛኛው በቡድን መደመር፣ አማካይ ማውጣት፣ በደረጃ መደርደር ከሆነ፣ ያን ማይኤስኪውኤል በአንድ ጥያቄ ይሠራዋል፤ ኤክሴሉን ፒኤችፒስፕሬድሺት የሚባለው ላይብረሪ ያነበዋል፣ ፒዲኤፉን ዶምፒዲኤፍ ወይም ኤምፒዲኤፍ ያወጣዋል። እንደዚያ ከሆነ እሳቸው ልክ ናቸው፤ ሁለተኛ ቋንቋ ማስገባት ለአንቺ ምቾት ብቻ ይሆናል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ዓምዶቻቸው የማይመሳሰሉ ፋይሎችን ማስታረቅ፣ የጎደለ መረጃ ማስተናገድ፣ የስታትስቲክስ ስሌት፣ ወደፊትም ትንበያ ያለ ከሆነ፣ ያ የፓይተን ሜዳ ነው፤ ወደ ፒኤችፒ ማዞሩ ብዙ ወር የሚበላና ለስህተት የሚያጋልጥ ሥራ ይሆናል። ይህን ወረቀት ለኃላፊሽ ከማሳየትሽ በፊት ለባልደረባሽ ብታሳዪያቸው ምን የሚሉሽ ይመስልሻል?

የጃንጎውን ሐሳብ ተዪው። ጃንጎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ምዝገባው ይሠራል፣ መግቢያው ይሠራል፣ ሰው ለምዶታል። በሙሉ ስትጽፊው፣ እስኪያልቅ ድረስ ሁለት ድረ ገጽ በሁለት ሰው ትጠብቃላችሁ፤ አሮጌው ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ለውጥ አዲሱም ላይ መጨመር አለበት። የወደቀው አንድ ቁልፍ ነው፤ ለአንድ ቁልፍ ቤት አይፈርስም።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚነጋገሩባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንዱ አንቺ የሞከርሽው ነው፤ ከአንድ ሁለት ሰከንድ ለማያልፍ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ በሠራተኛ ብቻ ለሚጠራ ሥራ ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ አይችልም። በተጠራ ቁጥር ፓይተኑ ከዜሮ ተነሥቶ ላይብረሪዎቹን ይጭናል፤ ከፓንዳስና ከማትፕሎትሊብ ጋር ሥራው ሳይጀመር ሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛው ፓይተኑን በፍላስክ ወይም በፋስትኤፒአይ (የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያዎች) ውስጣዊ አገልግሎት አድርጎ ሁልጊዜ እንደተነሣ ማቆየትና ፒኤችፒው በከርል (ጥያቄ መላኪያ መሣሪያ) እንዲጠይቀው ማድረግ ነው። ይህ መልሱ እዚያው፣ በሰከንድ ውስጥ ለሚፈለግ ነገር ጥሩ ነው። የምትሄጂበት ቀን ከመጣ ሁለት ነገር አትርሺ፦ አገልግሎቱ 127.0.0.1 ላይ ብቻ ያዳምጥ፣ ከውጭ እንዳይደረስበት፤ የከርሉንም የጊዜ ገደብ ራስሽ ስጪው፤ ሳይነካ ጠቅላላ የመጠበቂያ ገደብ የለውም፣ ለመገናኘት ብቻ 300 ሰከንድ ይጠብቃል። ለመገናኘት 2፣ በጠቅላላ 5 ሰከንድ ይበቃል።

የአንቺ ሥራ ግን 20 ሰከንድ ነው፤ የሚያስፈልግሽ ሦስተኛው፣ ወረፋው ነው። አዲስ ሶፍትዌር መጫን የለብሽም፤ ማይኤስኪውኤሉ ውስጥ አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል። ዓምዶቹ፦ የሥራው ቁጥር፣ የጠያቂው መለያ፣ የሥራው ዓይነት፣ ግብአቱ በጄሰን፣ ሁኔታው፣ የሙከራ ብዛት፣ የገባበት፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የውጤቱ ፋይል፣ የስህተት መልእክት። ሁኔታው አራት ብቻ ይሁን፤ እየጠበቀ፣ እየተሠራ፣ አልቋል፣ ከሽፏል። አሠልጣኙ ቁልፉን ሲጫን ፒኤችፒው ሰውየው ማን እንደሆነና መብት እንዳለው ያረጋግጣል፣ አንድ ረድፍ ያስገባል፣ «ሪፖርትዎ እየተዘጋጀ ነው» ብሎ ወዲያው ይመልሳል። ወንበሩ ተለቀቀ። ያው ሰው ያንኑ ሪፖርት ጠይቆ ገና እየጠበቀ ከሆነ አዲስ ረድፍ ሳያስገባ የድሮውን ቁጥር ይመልስለት፤ ደጋግሞ መጫን ጉዳት አያመጣም። ገጹ ላይ ያለ አጭር ጃቫስክሪፕት በየ3 ሰከንዱ «አለቀ?» እያለ ይጠይቃል፤ ሲያልቅ የማውረጃውን ሊንክ ያሳያል።

በሌላ በኩል የአንቺ ፓይተን ወርከር፣ ማለትም ከጀርባ ሆኖ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ሆኖ ብቻውን ይሮጣል፦ የሚጠብቅ ሥራ ይፈልጋል፣ ያገኘውን «እየተሠራ» ብሎ ይይዛል፣ ሠርቶ «አልቋል» ይላል፤ ከሌለ 2 ሰከንድ ተኝቶ ይመለሳል። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የፓይተን የማይኤስኪውኤል ሾፌሮች በአብዛኛው ኦቶኮሚት (እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው የሚያጸድቀው ቅንብር) ጠፍቶ ነው የሚነሡት፤ ማይኤስኪውኤል ደግሞ በአንድ ትራንዛክሽን (ገና ባልጸደቀ የትእዛዞች ጥቅል) ውስጥ ተራ ሰሌክት (የማንበቢያ ጥያቄ) ስትደጋግሚ መጀመሪያ ያየሽውን ምስል ነው መልሶ የሚያሳይሽ። ስለዚህ ወርከሩ ሌሊቱን ሙሉ «ሥራ የለም» እያለ ሲዞር ያድራል፤ ሰንጠረዡ ግን ሞልቷል። በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ኮሚት (ማጽደቅ) ወይም ሮልባክ (መሰረዝ) አድርጊ። ሁለት ወርከር ልታስነሺ ካሰብሽ ሁለቱ አንዱን ሥራ እንዳይነጥቁ «ፎር አፕዴት ስኪፕ ሎክድ» የሚለውን ተጠቀሚ፤ ማይኤስኪውኤል ከ8.0 ጀምሮ አለው። ሥራውን «እየተሠራ» ካልሽ በኋላ ወዲያው ኮሚት አድርጊና ከዚያ ጀምሪ፤ ረድፉን ለ20 ሰከንድ ቆልፎ መያዝ አያስፈልግም።

ወርከሩ መሀል ላይ ቢሞትስ? ሥራው «እየተሠራ» እንደተባለ ለዘላለም ይቀራል። ስለዚህ ከተጀመረ 10 ደቂቃ ያለፈውን ወደ «እየጠበቀ» የሚመልስ አንድ መስመር ይኑርሽ፤ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ «ከሽፏል» ይባልና መልእክቱ ይመዝገብ። ያለዚህ ገደብ አንድ የተበላሸ የኤክሴል ፋይል ወርከሩን ቀንና ሌሊት እየገደለ ይኖራል። ፒዲኤፉን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጽፈሽ ሲያልቅ ብቻ፣ እዚያው ዲስክ ላይ፣ ወደ ትክክለኛው ስም ቀይሪው፤ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ማንም እንዳያወርድ። ፋይሎቹ በቀጥታ በአድራሻ ከሚከፈት ፎልደር ውጭ ይቀመጡ፤ የማን ሪፖርት ለማን እንደሚሰጥ የሚፈትሸው ፒኤችፒው ይሁን። የወርከሩ አካውንትና የዌብ ሰርቨሩ አካውንት የተለያዩ ስለሆኑ በአንድ ግሩፕ አስገቢያቸው፤ አለበለዚያ ፋይሉ አለ፣ ፒኤችፒው ግን ማንበብ አይችልም።

ወርከሩን ከተርሚናል አስነሥተሽ እንዳትሄጂ፤ ሰርቨሩ ሪስታርት ባደረገ ቀን ይጠፋል። የሊነክስ አገልግሎት አስተዳዳሪ በሆነው በሲስተምዲ አገልግሎት አድርጊው፤ ሲወድቅ በ5 ሰከንድ ውስጥ ራሱ እንዲነሣ። አንድ ነገር ለባልደረባሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ካልተነገራቸው ያበሳጫቸዋልና። ፒኤችፒ ፋይል ሲቀየር ቀጣዩ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን ኮድ ያነባል፤ እሳቸው የለመዱት ይህን ነው። ወርከሩ ግን አንዴ የጫነውን ኮድ ይዞ ይኖራል፤ ፋይሉ ቢቀየርም አገልግሎቱ ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ የድሮውን ይሠራል።

ድንበሩ ላይ የሚያልፈው መረጃ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት የሚመስለውን ነገር በተለያየ ዓይን ያዩታል። ፒኤችፒ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዋጋ ስም (ኪይ) የሚሰጥ አሬይ ባዶ ሲሆን ወደ ጄሰን ሲለወጥ ባዶ ዝርዝር ይሆናል፤ ፓይተኑ ዲክሽነሪ (ስምና ዋጋ) ጠብቆ ሊስት (ዝርዝር) ያገኝና ይወድቃል። 10.0 ከፒኤችፒ ሲወጣ 10 ሆኖ ይመጣል። ከፎርም የመጣ ቁጥር ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ነው፤ ፓይተን «12»ን በ2 ሲያባዛ 1212 ይሰጥሻል፣ ስህተት ነው እንኳ አይልሽም። በተቃራኒው ፓንዳስ የጎደለን ዋጋ «ናን» ይለዋል፤ የፓይተኑ ጄሰን እንዳለ ይጽፈዋል፤ ያ ግን ሕጋዊ ጄሰን ስላልሆነ ፒኤችፒ ሙሉውን ይጥለዋል። አንድ ሠልጣኝ ውጤት ጎድሎት የመቶ ሰው ሪፖርት የሚጠፋው እንዲህ ነው። ወደ ጄሰን ስትለውጪ «አላው ናን» የሚለውን ፎልስ አድርጊው፤ ችግሩ አንቺ ዘንድ ይጮኻል፣ እዚያው ታስተካክይዋለሽ። ከሁሉም በላይ የምዝገባ ቁጥሮቹን ተመልከቺ፦ ፓንዳስ 00412ን እንደ ቁጥር ካነበበው 412 ያደርገዋል፤ ከዚያ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ሠልጣኝ አይገኝም። ያን ዓምድ እንደ ጽሑፍ እንዲያነብ በግልጽ እዘዢው። ሰዓትም ቢሆን በሁለቱም በኩል በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይጻፍ፤ ወደ አካባቢ ሰዓት የሚለወጠው ገጹ ላይ ሲታይ ብቻ።

አሁን ወደ «ሁለት አባወራ» ልመለስ። ያሉበት መንገድ ልክ አልነበረም፤ የቃሉ ፍሬ ነገር ግን ጥያቄ አለው፤ ማን ምን ያዛል? መልሱን በዳታቤዙ ጻፊው። ለፓይተኑ የራሱ የዳታቤዝ አካውንት ይከፈትለት፤ የሚያስፈልጉትን ሰንጠረዦች ማንበብ ብቻ፣ መጻፍ የወረፋውን ሰንጠረዥ ብቻ። የሠልጣኝ ስም፣ ክፍያ፣ የይለፍ ቃል አይነካም፤ ቢሳሳት እንኳ አይችልም። የሰንጠረዥ ቅርጽ የሚቀየረው በእሳቸው በኩል ብቻ ይሁን። ፓይተኑ ሴሽንም አያንብብ፤ ማን እንደጠየቀ ፒኤችፒው አረጋግጦ ረድፉ ውስጥ ጽፎለታል። በሌሊት የተጠሩ ሰው የሚፈሩት የማያነቡት ቋንቋ በማያውቁት ሰዓት ሥራቸውን እንዳያፈርሰው ነው። ይህ አጥር ፍርሃታቸውን በቃል ከማስተባበል ይሻላል።

ለሁለቱ ሳምንት እንዲህ አድርጊ። ቁልፉ እንደጠፋ ይቆይ፤ ሪፖርት የሚፈልግ ካለ አንቺው ከትእዛዝ መስመር አውጥተሽ ላኪለት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ባልደረባሽን ለብቻቸው አግኚያቸው። «በዚያ ሌሊት ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ፤ ለምን እንደቆመ አሁን ገብቶኛል፣ ላሳይዎት?» ብለሽ ብትጀምሪ ይበቃል። ሰው ባለበት መናገራቸው እንዳመመሽም መንገር ከፈለግሽ፣ ከዚህ በኋላ፣ በእርጋታ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፤ መደበቅ የለብሽም። ከዚያ የዝርዝሩን ወረቀትና የወረፋውን ሰንጠረዥ ንድፍ አሳዪያቸውና የፒኤችፒውን በኩል፣ ረድፍ የሚያስገባውንና ፋይሉን የሚሰጠውን፣ እንዲጽፉልሽ ጠይቂያቸው። በስድሳ መስመር ገደማ የሚያልቅ ነው፤ አንቺ ከምትጽፊው በተሻለ ይጽፉታል፣ ድንበሩም የሁለታችሁ ይሆናል። የመጀመሪያው ሳምንት ቀሪ ቀናት ለወርከሩ ይሁኑ። በሁለተኛው ሳምንት በሙከራ ሰርቨር ላይ ሰባራ ፋይል ስጪው፣ ባዶ ፋይል ስጪው፣ ዜሮ የሚጀምር ቁጥር ያለበት ስጪው፣ ሃያ ጥያቄ በአንድ ጊዜ አስገቢበት።

ኃላፊያችሁ ዘንድ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ባልደረባሽ ባሉበት አንድ ሙከራ አድርጊ። ወርከሩን በእጅሽ አጥፊው፤ ከዚያ እሳቸው ራሳቸው አንድ ሠልጣኝ ይመዝግቡ፣ ሪፖርትም ይጠይቁ። ምዝገባው እንደወትሮው በፍጥነት መጠናቀቅ አለበት፤ ሪፖርቱ «እየጠበቀ» ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ወርከሩ ሲነሣ ደግሞ ማንም ሳይነካው ማለቅ አለበት። በሌሊት ቢጠሩ የሚያስፈልጓቸው ትእዛዞችም ሦስት ብቻ ናቸው፤ ወርከሩ ተነሥቷል ወይ የሚለው፣ ሎጉን የሚያሳየው፣ ሪስታርት የሚያደርገው። አንድ ገጽ ላይ ጻፊላቸውና ሙከራውን ሲያደርጉ ከዚያው ወረቀት እያነበቡ እንዲሞክሯቸው አድርጊ።